ነጭ ለባሾቹ ልጆች

«ሐኪም ሲሆን ልቡ ደነደነ» የሚል ሮሮ በየሆስፒታሉ ወረፋ ላይ ይሰማል። ያንኑ ሰው በተማሪነቱ የሚያውቁት ደግሞ ሌላ ነገር ይመሰክራሉ፦ ሰው ለመርዳት ብሎ ሕክምናን የመረጠ፣ የታመመ ሲያይ ሆዱ የሚባባ ልጅ ነበር ይላሉ። በመካከል ምን ተፈጠረ?

ጥያቄው ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኤቨረት ሂዩዝ የሚመራ የሶሲዮሎጂ ባለሙያዎች ቡድን አሜሪካ ውስጥ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። ተመራማሪዎቹ መጠይቅ በትነው አልሄዱም። ከተማሪዎቹ ጋር ክፍል ተቀመጡ፣ ከአስተማሪው ሐኪም ኋላ ሆነው ከአልጋ አልጋ ዞሩ። ያዩትን በ1961 «ነጭ ለባሾቹ ልጆች» በሚል መጽሐፍ አወጡት።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው የሚገባው ሁሉንም ሊያውቅ ቆርጦ ነው። ያላወቀው ነገር ነገ ሰው ሊገድል ይችላልና። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ግን ሁሉን ማጥናት የማይቻል መሆኑ ይገባዋል። ያኔ «ለበሽተኛዬ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ «አስተማሪው ለፈተና ምን ይፈልጋል?» በሚለው ይተካል።

ሆስፒታል ሲገባ ደግሞ ሌላ ለውጥ ይመጣል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ሃዋርድ ቤከር፣ አንድ ተማሪ አንዲትን ታማሚ «ክሮክ» ሲላት ሰማ። ቃሉ በቁሙ የሸክላ ማሰሮ ማለት ነው። ቤከር ትርጉሙን ሲጠይቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተከራከሩበት። በመጨረሻም ተስማሙ፦ ክሮክ ማለት ብዙ ሕመም የሚዘረዝር፣ ሲመረመር ግን ምንም የማይገኝበት ሰው ነው።

ይህን የሰማ «ጭካኔ» ሊለው ይችላል። ቤከር ግን «ለምን?» ብሎ ቀጠለ። ተማሪው ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ በመጽሐፍ የማይገኝ ልምድ ነው። ክሮክ የተባለችው ሴት ሰዓቱን ትወስዳለች፣ አዲስ በሽታ አታስተምረውም፣ አድኖ የሚረካበትም ዕድል አትሰጠውም። የተማሪው ንቀት ከተፈጥሮው ሳይሆን ከተቀመጠበት ቦታ የመነጨ ነበር።

ስለዚህም የካንሳሱ ቡድን መደምደሚያ ተስፋ ያዘለ ነው። የተማሪው በጎ ምኞት አልሞተም፣ ለጊዜው ተቀመጠ እንጂ። ምረቃው ሲቃረብ «ምን ዓይነት ሐኪም ልሁን?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል፤ የዋህነቱ ቀርቶ እውቀት ተጨምሮበት።

ሁሉም በዚህ አልተስማሙም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) መሐመድሬዛ ሆጃትና ባልደረቦቹ በፊላደልፊያ ጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ 456 ተማሪዎችን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ለታማሚ የመራራት ስሜት በሦስተኛው ዓመት ጉልህ በሆነ መጠን ወረደ፤ እስከ ምረቃም አልተመለሰም። ሦስተኛው ዓመት እዚያ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በሽተኛ ዘንድ የሚውልበት ነው። ርኅራኄው የቀነሰው ታማሚውን ይበልጥ በቀረበበት ሰዓት መሆኑ ያስደነግጣል።

ሁለቱ ጥናቶች በፍጻሜው ይለያዩ እንጂ ቦታውን በመጠቆም አይለያዩም፤ ለውጡ የሚሠራው ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ውስጥ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያም የሩቅ ወሬ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ፣ ስለ ሐኪም ርኅራኄ ማውራት ስለ ሐኪም ኑሮ ከማውራት እንደማይነጠል ታይቷል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ወጣት ሐኪም ጠዋት ላይ እናትህን ቢያመናጭቅ ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ታማሚዋ ክብሯን ልታጣ አይገባም። ነገር ግን እሱን ብቻ ገስጾ ማለፍ ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይለውጥም። ያ ልጅ ሲገባ እንዲህ አልነበረም። ከገባ በኋላ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ሲደክመው ማን እንደተካው፣ አስተማሪው በሽተኛን ሲያናግር ምን እንዳየ መጠየቅ አለበት።