ስለ ኪልዊኒንግ የግንበኞች ማኅበር ቤት ታሪክ

የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ ሕንፃውን ያሠሩት መኳንንትና በውስጡ ያገለገሉት ካህናት ይታሰባሉ፤ ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ግን ስማቸው እምብዛም አይነሣም። ግንበኞች ራሳቸው ማኅበር አቁመው ነገራቸውን በመዝገብ ካኖሩባቸው ስፍራዎች አንዲቱ በስኮትላንድ አገር ከግላስጎ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በጋርኖክ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ ኪልዊኒንግ ናት። «ኪል» በዚያ አገር በጥንቱ ቋንቋ የመነኮስ ማደሪያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፤ «ዊኒንግ» ደግሞ ከቅዱሱ ከዊኒን ስም የመጣ ነው። ስለዚህ ከተማይቱ ስሟን ከቤተ ክርስቲያን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከከተማይቱ አልወሰደችም።

በ12ኛው መቶ ዓመት (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) የቲሮንን ሥርዐት የሚከተሉ መነኮሳት በዚያ ታላቅ ገዳም ተከሉ። እንዲህ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለ ሆነ ግንበኞች በሕንፃው ጥግ ዳስ ጥለው ድንጋይ ይጠርቡበት፥ ከዝናም ይጠለሉበት፥ ስለ ሥራቸውም ይመክሩበት ነበር። ይህ ዳስ በቋንቋቸው ሎጅ ይባላል። ኋላ ስሙ ከዳሱ ወደ ሰዎቹ ተሻግሮ ማኅበሩ ራሱ ሎጅ ተባለ፤ ይኸውም በግዕዝ ደብር ተራራ ማለት ሲሆን በተራራው ላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን ስም እንደ ሆነ ያለ ነው። የኪልዊኒንግ ማኅበር ከገዳሙ ጋራ አብሮ እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ነገር ግን ይህ በአፍ የመጣ ነው እንጂ የሚያስረዳ ጽሑፍ የለውም። ነገሩም ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1560 ስኮትላንድ ከሮማ ፓፓ ከተለየች በኋላ ገዳሙ ፈረሰ፤ መነኮሳቱም ተበተኑ። ግንበኞቹ ግን ቀሩ። የንጉሡ የያዕቆብ 6ኛ የሕንፃ ሥራ አዛዥ የነበረው ዊልያም ሾ በ1598 ለአገሩ ግንበኞች ሁሉ ሥርዐት ጻፈ፤ በዓመቱም በዲሴምበር 28 ቀን 1599 ሁለተኛ ሥርዐት ጨመረ። በዚህ በሁለተኛው የኤዲንብራ ማኅበር ፊተኛ፥ የኪልዊኒንግ ሁለተኛ፥ የስተርሊንግ ሦስተኛ ተብሎ ተደነገገ፤ የግላስጎና የሌሎቹም የምዕራብ አውራጃዎች ግንበኞች ለኪልዊኒንግ እንዲታዘዙ ሆነ። አለቃቸውም በየዓመቱ በዲሴምበር 20 ቀን በኪልዊኒንግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲመረጥ ታዘዘ። እንግዲህ የራሳቸው አዳራሽ ባልነበራቸው ዘመን የተሰበሰቡት አባቶቻቸው በሠሩት ስፍራ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሥርዐት ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ቃል ይገኛል። ሠራተኛውም ተማሪውም በየዓመቱ የቃል ጥናቱን እንዲመረመር፥ ከተማረው የረሳ ቢገኝ መቀጫ እንዲከፍል ያዛል። በቅኔ ቤት ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የቅኔ ቤት ተማሪ የረሳውን በእፍረት ሲከፍል ያ ግንበኛ በገንዘብ መክፈሉ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት ድንጋይ ጠርበው የማያውቁ መሳፍንት ወደ ማኅበሩ ይገቡ ጀመር፤ በ1672 የካሲሊስ መስፍን የኪልዊኒንግ ማኅበር ዲያቆን ሆኖ ተመረጠ። ዲያቆን ሲባል ክህነት አይደለም፤ የማኅበሩን ሹም በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ዛሬ ፍሪሜሶን የሚባለው ከመዶሻው ይልቅ ምሥጢሩና መሐላው የሚታወቅበት ማኅበር የበቀለው ከዚህ ነው። ምሥጢሩን ብዙዎች አልወደዱትም፤ የሮማው ፓፓ ቀሌምንጦስ 12ኛ በ1738 ምእመናኑ እንዳይገቡበት ከለከለ። ሥራውን በአደባባይ ይሠራ የነበረ ግንበኛ የሚሸሽገው ነገር እንዴት እንደ በዛ የሚያስገርም ነው።

በኖቬምበር 30 ቀን 1736 የስኮትላንድ ማኅበራት በኤዲንብራ ተሰብስበው አንድ ታላቅ ሎጅ አቆሙ። ወዲያው የቀዳሚነት ክርክር ተነሣ። የተፈረደውም በአፍ ታሪክ ሳይሆን በመዝገብ ነበር፤ በአድባራት የጕልት ክርክር ሲነሣ በወንጌል ዘወርቅ ላይ የተጻፈው እንደሚታይ ሁሉ። በማርያም ቤተ ጸሎት ስም የሚጠራው የኤዲንብራ ሎጅ ከጁላይ 1599 ጀምሮ የተጻፈ የጉባኤ መዝገብ አቀረበ። የኪልዊኒንግ መዝገብ ግን የሚጀምረው ከ1642 ነው። ስለዚህ ኤዲንብራ 1ኛ ቍጥር ተሰጠው፤ ኪልዊኒንግ 2ኛ ሆነች። የ43 ዓመት ወረቀት የብዙ መቶ ዓመት ስም አስጣለ።

ኪልዊኒንግ ይህን አልታገሠችም። በ1743 ተለይታ እንደ ራስ ገዝ ሆነች፤ ለሌሎች ማኅበራትም፥ ባሕር ተሻግሮ በቨርጂንያ ላለው ሳይቀር፥ የመቋቋሚያ ደብዳቤ ትሰጥ ነበር። በስሟ የሚጠሩት ስለ በዙ «እናት» የሚለው ቅጽል ጸናላት። የራሷን ቤት በገዳሙ ፍራሽ አጠገብ የሠራችውም በዚሁ በመለያየት ዘመን በ1779 ነው። ለመነኮሳትና ለመሳፍንት ሲገነቡ የኖሩት ሰዎች ለራሳቸው ቤት ለመሥራት ይህን ያህል መዘግየታቸው ከድህነት ይልቅ ከልማድ የመጣ ይመስላል፤ መሰብሰቢያቸው አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበረና።

እርቅ የወረደው በ1807 ነው። የሽማግሌዎቹ ብልሃት የሚደነቅ ነው፤ ኤዲንብራ 1ኛነቱን ሳይለቅ ኪልዊኒንግ ከቍጥሩ ሁሉ በላይ ተጻፈች፤ ምልክቷም ዜሮ ሆነ። በግዕዝ አኀዝ ለአልቦ የሚሆን ምልክት ስለሌለ እንዲህ ያለው እርቅ በግዕዝ ሊጻፍ ባልቻለም ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1814 ከገዳሙ ቆሞ የቀረው ግንብ ወደቀ፤ በስፍራውም አዲስ ተሠራ።

ያ የ1599 ሁለተኛ ሥርዐት በኤግሊንተን መሳፍንት መዛግብት ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ነው። ሲነበብም ኤዲንብራ ፊተኛ፥ ኪልዊኒንግ ሁለተኛ የሚል ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም እርቁን የነካው ሰው አልነበረም። የ1779ኙ ቤት ፈርሶ ዛሬ የቆመው ቤት በ1893 ሲሠራ፥ ማኅበሩ የገባበት በዚያው በአልቦ ቍጥሩ ነው።