ሥለሳ፦ ለትራያትሎን የሚሆን የገበሬ ቃል

ትራያትሎን (ስም)፦ አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ ሳያቋርጥ፣ ዋኝቶ፣ ብስክሌት ጋልቦና ሮጦ የሚጨርሰው ውድድር። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ሲሆን «ትሪ» ሦስት፣ «አትሎስ» ደግሞ ውድድር ወይም ትግል ማለት ነው። እዚህ የሚቀርበው አማርኛ፦ ሥለሳ። ተወዳዳሪው፦ ሠላሽ።

ልኩ

ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበረው። ረጅሙ ዓይነት ግን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በመጨረሻም ሙሉ ማራቶን ነው።

ይህን ወደ ደብረ ማርቆስ አምጥተን እንለካው። ለዋናው ልጆች የሚንቦጫረቁበት የጨሞጋ ወንዝ አይበቃም፤ እንደ ጣና ያለ ሰፊ ውሃ ይጠይቃል። ለብስክሌቱ በደምበጫ አድርጎ ፍኖተ ሰላም ደርሶ መመለስ ወደ ልኩ ይጠጋል። ሠላሹ ከዚያ ሲመለስ ብስክሌቱን ያስቀምጥና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ ይጀምራል።

አመጣጡ

ረጅሙ ውድድር የተወለደው ከክርክር ነው። በሃዋይ የሚኖሩ ስፖርተኞች ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ማን ይበልጥ ጠንካራ ነው ብለው ተከራከሩ። ጆን ኮሊንስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በደሴቱ የነበሩትን ሦስት ውድድሮች በአንድ ቀን እናያይዛቸው አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1978 ዐሥራ አምስት ሰዎች ጀመሩ፤ 12ቱ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። በዛሬው ረጅም ውድድር የተለመደው የሰዓት ገደብ 17 ሰዓት ነው፤ ንጋት ላይ ውሃ የገባ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሊጨርስ ይችላል። ከአሸናፊው በብዙ ሰዓት ዘግይቶ የደረሰም ቢሆን በገደቡ ውስጥ እስከገባ ድረስ እንደ ጨረሰ ይቆጠርለታል፤ ሕዝቡም ቆሞ ያጨበጭብለታል።

ሦስቱ እንዴት ይያያዛሉ?

ዋናው ቀድሞ የሚመጣው ለደኅንነት ነው፤ የደከመ ሰው መንገድ ላይ ቢቀመጥ ያርፋል፣ ውሃ ውስጥ ግን ይሰጥማል። ከባዱ ግን ከብስክሌት ወደ ሩጫ የሚታለፍበት ቦታ ነው። ለሰዓታት ፔዳል ሲመታ የቆየ እግር መሬት ሲረግጥ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ሰውነት ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ልብስና ጫማ የሚለወጥበትን ቦታ መሸጋገሪያ እንበለው። ሠላሽ በብስክሌት ላይ እያለ የሚበላው ደግሞ ቀድሞ ስም አለው፤ ስንቅ ነው። የጎጃም መንገደኛ በሶ ቋጥሮ የሚወጣበትና ሠላሹ በኮርቻ ላይ ሆኖ የሚጎርስበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሰውነት ያከማቸው ጉልበት ለረጅም ቀን አይበቃም።

ለምን «ሥለሳ»?

«የሦስትዮሽ ውድድር» ቀድሞ አፍ ላይ ይመጣል። ነገር ግን የሦስትዮሽ ድርድር ስንል ሦስት ወገኖች ተቀመጡ ማለታችን ነው፤ እዚህ ያለው አንድ ሰው ነው። «ሥሉስ» የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ «ሥሉስ ቅዱስ» በሚባልበት አገር ለውድድር ማዋል አይገባም። «ሠልስት» ደግሞ ከቀብር በኋላ ያለውን ሦስተኛ ቀን ያስታውሳል።

ገበሬው ግን የተሻለ ቃል አለው። መሬቱን መጀመሪያ ይገምሳል፣ ሁለተኛ ያይማል፣ ሦስተኛ ይሠልሳል። መሬቱም ገበሬውም ያው ናቸው፤ የሚጨመረው ድካሙ ነው። በሠላሹ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሦስቱም ዙር የሚያልፈው በአንድ ገላ ላይ ነው። ከፈለገ ፍለጋ፣ ፈላጊ እንደሚወጣ ከሠለሰም ሥለሳ፣ ሠላሽ ይወጣል። ግሱም ስሙም ባለቤቱም ከአንድ ሥር ስለሚገኙ ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አይደናቀፍም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በሩጫና በብስክሌት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱን ያኔ ይዘን ነበር፤ የቀረን ውሃው ነበር። ጣና ዳር ያደገ ዋናተኛ ልጅና የጮቄን ዳገት የለመደ እግር በአንድ ክልል እያሉ ይህ ስፖርት የሌላ አገር ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም።

በአነጋገር፦ «ዘንድሮ ልሠልስ ነው።» «ስንቅሽን አትርሺ፣ ሥለሳ ያለ ስንቅ አይሆንም።» «አሸነፈ ወይ?» «አላሸነፈም፤ ሠልሶ ገባ።»