ከአንድ ሽልንግ እስከ ዕቁብ፦ ቤተሰብን በቁጠባ የማዝናናት ታሪክ

ዓመቱ ሲገባደድና የጁባ ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት ሲዘጉ፣ በከተማዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ የታወቀ ጥያቄ ይነሣል። ልጆች «ዘንድሮ አገር ቤት እንሄዳለን ወይ?» ብለው ይጀምራሉ፤ ቀጥለውም «አንድነት ፓርክስ እንገባለን? ቢሾፍቱ ውኃው ላይ የሚንሸራተቱበት ቦታስ?» ይላሉ። አባት ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሣል። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ለአያት ብርድ ልብስ፣ ለአክስት ልጆች ጫማ፣ ለጎረቤት ሽቶ፣ ለለቅሶ መድረሻ፣ ለሠርግ መዋያ እያለ ይደረድራል። ድምሩ ከኪሱ ሲበልጥበት የሚሰርዘው መስመር የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ የልጆቹን ቀን ነው።

ለመሆኑ ቤተሰብን ይዞ ወጣ ብሎ መዝናናት የባለጸጋ ሥራ ብቻ ነውን? ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። ዛሬ በዓለም የምናያቸው የመዝናኛ ስፍራዎችና የዕረፍት ጉዞዎች በአብዛኛው የተገነቡት ገንዘቡ አነስተኛ በሆነው፣ ቁጥሩ ግን ብዙ በሆነው ሰው ሳንቲም ነው። ያ ሰው እንዴት አድርጎ እንደቻለበት መመርመር ለእኛም ሒሳብ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የአንድ ሽልንግ ባቡር

በእንግሊዝ አገር ቶማስ ኩክ የሚባል፣ መጠጥን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። በሐምሌ ወር 1841 ለመጠጥ ተቃዋሚዎች ስብሰባ የሚሄዱ 500 ያህል ሰዎችን አስተባብሮ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። መንገዱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ደርሶ መልስ ቲኬቱ ለአንድ ሰው አንድ ሽልንግ ነበር። ተሳፋሪዎቹ የተቀመጡት ጣራ በሌላቸው ፉርጎዎች ላይ ነው፤ ሙዚቀኞችም አብረዋቸው ተጉዘዋል። ኩክ ያደረገው ነገር ሲታይ ቀላል ነው። የባቡር ድርጅቱ ለአንድ መንገደኛ የማያደርገውን ቅናሽ ለ500 ሰው እንደሚያደርግ ተረዳ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአበውን ብሂል እርሱ በባቡር ተረጎመው ማለት ይቻላል። በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው የጉዞ ወኪል ድርጅቱ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከሕግ ነው። ሠራተኛው ገንዘብ ቢያጠራቅም እንኳ ሥራውን ትቶ ሲሄድ ደመወዙ ከተቋረጠበት ዕረፍት የሚባል ነገር አይኖርም። ፈረንሳይ በ1936 ለሠራተኛ ሁሉ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ ፈቀደች። በዚያው ዓመት የስፖርትና የመዝናኛ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሌዎ ላግራንዥ በባቡር ዋጋ ላይ የ40 በመቶ ቅናሽ ያለው ልዩ ቲኬት እንዲወጣ አደረገ። ባሕርን አይተው የማያውቁ ብዙ የፋብሪካ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረዱ። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች እንደምንረዳው፣ የቤተሰብ ዕረፍት ከኪስ ውፍረት ይልቅ የሚሻው ማኅበርንና አስቀድሞ የተወሰነ ጊዜን ነው።

በሩ ላይ ያለው ዋጋ

መድረሻውስ? በኮፐንሃገን ከተማ የቲቮሊ መናፈሻ በነሐሴ 1843 ሲከፈት ሰፊው ሕዝብ ከፍሎ የሚገባበት የአትክልት፣ የሙዚቃና የጨዋታ ስፍራ ሆነ። በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ጆርጅ ፌሪስ 80 ሜትር ከፍታ ያለው ግዙፍ መንኰራኵር አቆመ፤ ለመሳፈር 50 ሳንቲም ይከፈል ነበር። ለቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ሰው መንኰራኵሩን ቆሞ እያየ ልጆቹን ሲያባብል መታየቱን መገመት አያዳግትም።

መፍትሔ የመጣው ከኒው ዮርክ ባሕር ዳርቻ፣ ከኮኒ አይላንድ ነው። ጆርጅ ቲልዩ በ1897 ስቲፕልቼዝ ፓርክን ሲከፍት ግቢውን በአጥር ከልሎ በሩ ላይ አንድ ዋጋ አስከፈለ፤ ከገቡ በኋላ በሐዲድ ላይ በሚሮጡት የእንጨት ፈረሶችና በሌሎቹ ጨዋታዎች መጫወት ነው። በ1920 ደግሞ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር እስከ ባሕሩ ድረስ ሲዘረጋ ድሃው ኒው ዮርካዊ በ5 ሳንቲም ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ኮኒ አይላንድ ይደርስ ጀመር። ሕዝቡ በብዙ መቶ ሺህ ጎረፈ። ምሳውን ግን ብዙው ከቤቱ ይዞ ነበር የሚመጣው።

ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያውቁት ዲዝኒላንድ በሐምሌ 1955 በካሊፎርኒያ ሲከፈት ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ። የመግቢያው ዋጋ ለአዋቂ አንድ ዶላር ሲሆን እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ይከፈልበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኩፖን ደብተር ተጀመረ፤ ምርጦቹ ጨዋታዎች በጣም ውዱን ኩፖን ይጠይቁ ነበር። ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ቲኬት ኩፖኑን ጨርሶ የተካው በ1982 ነው። እንግዲህ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድ ሰው በ1955ም ሆነ ዛሬ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ በሩ ላይ የተጻፈው ገንዘብ የመግቢያ ነው ወይስ የቀኑ ሙሉ ዋጋ? ይህን ሳይጠይቅ የገባ አባት ከውስጥ ሆኖ ኪሱን ሲዳብስ ይውላል።

የእኛው መንገድ

ይህን ሁሉ ስንናገር አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እንደነበረች አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። ኢትዮጵያዊው ቤተሰብ በአነስተኛ ገንዘብ ረጅም መንገድ መጓዝን የተማረው ከንግሥ በዓል ነው። ለዚህ ቁልቢ ገብርኤልን የሚያህል ምስክር የለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በመጡ ቁጥር ምእመናን ባቡሩን እያጨናነቁ ወደ ምሥራቅ ይወርዱ ነበር። ስለት ያለባት እናት ልጇን አዝላ ለማስጠመቅ ትሄዳለች፤ አባት ጃንጥላውን ወይም ጧፉን ይይዛል፤ አያት ዳቦ ቆሎውንና በሶውን በከረጢት ቋጥራ ትከተላለች። ማደሪያው ድንኳን ወይም ሜዳ ነው። ሆቴል የለም፤ ነገር ግን ያ ልጅ ሲያድግ ከልጅነቱ የሚያስታውሰው ታላቅ ጉዞ እርሱ ነው። ሃይማኖታዊ ዓላማው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት ያዩት በዚህ መንገድ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር? መልሱ ዕቁብና ማኅበር ነው። ዕቁብ የሚለው ቃል «ዐቀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተጠበቀ» ማለት ነው። ለረጅም ዓመታት በትርጉም ሥራ ስኖር እንደዚህ ልክ የሆነ የገንዘብ ቃል በሌላ ቋንቋ አልገጠመኝም። በእጅ ያለ ገንዘብ ይበተናል፤ ጎረቤት ዘንድ የተቀመጠ ገንዘብ ግን የተጠበቀ ነው። ቶማስ ኩክ በ1841 ያደረገውን፣ ማለትም ብዙ ሰው አስተባብሮ አስቀድሞ መሰብሰብን፣ የአዲስ አበባ እናቶች በቡና ሰዓት ያደርጉት ነበር።

ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ዓለማዊው ሽርሽርም መልክ ያዘ። በ1948 የተቋቋመው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የትምህርት ቤት ጉብኝት የማይቀር መድረሻ ነበር። በዚያ ሕፃናት በፍርሃትና በደስታ ያዩአቸው የነበሩት አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት አስታውቀዋል። ከአዳማ አለፍ ብሎ በአዋሽ ዳር የሚገኘው የሶደሬ ፍል ውኃ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ቤተሰብ የቅዳሜና የእሑድ ሕልም ነበር። መኪና ያለው በመኪናው፣ የሌለው በአውቶቡስ እየሄደ፣ ሽሮውንና ዶሮውን በሰሐን ቋጥሮ ዋና ይውል ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ሲከፈት

በጥቅምት ወር 2019 የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ይህን ነገር በቸልታ ማለፍ አይገባም። የእኛ ትውልድ በዚያ አጥር ሥር ሲያልፍ ቆም ማለት አይችልም ነበር፤ ፎቶግራፍ ማንሣትማ አይታሰብም። ዳግማዊ ምኒልክ ግብር ያበሉበት አዳራሽ፣ የክልሎች ማሳያዎች፣ ጎፈራቸው የጠቆረ አንበሶች፣ ይህ ሁሉ ዛሬ ልጅ በቲኬት ገብቶ የሚያየው ሆኗል። በ2020 የወዳጅነት ፓርክና የእንጦጦ ፓርክ ተከተሉ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቢሾፍቱም የኩሪፍቱ የውኃ መጫወቻ ተሠራ፤ በ2014 የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ወደዚያው ያደርሳል። አንዱ ቦታ ታሪክን ያስተምራል፤ ሌላው ደስታን ይሰጣል። ለልጅ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

የጁባ ሒሳብ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ጁባ መጥተው በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በንግድና በውኃ ማመላለስ ሥራ ተሠማርተዋል። እዚህ የተወለዱ ልጆችም አድገዋል። የጁባ ነዋሪ ስለ ቁጠባ ያገኘው ትምህርት ግን መራራ ነው። በታኅሣሥ 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 2.95 ፓውንድ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 18.5 ፓውንድ ዘለለ። በፓውንድ ዕቁብ ጥሎ ተራው እስኪደርስ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ቲኬት ሊቆርጥበት ያሰበው ገንዘብ እጁ ላይ ሟሟ። በአንጻሩ በሐምሌ 2024 የኢትዮጵያ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ለጉዞ የሚጣል ዕቁብ በዶላር ቢሆን፣ ዙሩም አጭር ቢሆን ይበጃል።

አንድ የግል ገጠመኝ ልጨምር፤ ጥፋቱ የእኔው ነው። ከዓመታት በፊት ልጆቼን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ስንዞር፣ ቡና ስንጠጣና ስጦታ ስናድል ቆየን። ወደ ጁባ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ቃል የገባሁላቸው መጫወቻ ስፍራ ደረስን፤ ቀኑ የሚዘጋበት ቀን ኖሮ በሩ ተቆልፏል። በመመለሻው ታክሲ ውስጥ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ኢትዮጵያ ማለት ሳሎን ነው እንዴ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ለዘመድ ያመጣሁት ሻንጣ ሙሉ ነበር፤ ለልጆቼ ያስቀመጥኩት ግን አንድ ቀን እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሒሳቡ የሚጀመረው ከታች ወደ ላይ ነው። ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት የልጆቹ ቀን ይወሰናል፤ ገንዘቡም በፖስታ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሌላ ወጪ አይነካውም። የመክፈቻ ቀንና ሰዓት፣ መግቢያው ምን ምን እንደሚያካትት፣ ምግብ ይዞ መግባት መፈቀዱ በስልክ ይጠየቃል። በአንዳንድ ቦታ ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው የሚከፈለው ስለሚለያይ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያለው ይዞት ቢሄድ አይጸጸትም። ከሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ጋር ሚኒባስ መከራየት ደግሞ የኩክን ሽልንግ በእጃችን ማስገባት ነው። ስጦታው ላይ ትንሽ ቢቀነስ ዘመድ ይቅር ይላል። የልጅነት ቀን ግን አንዴ ካለፈ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

የጁባ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከታኅሣሥ እስከ ጥር ስለሚዘልቅ ለእኛ የተመቸ ነው። የአዲስ አበባ ሰማይ ጥርት ያለበት፣ ቁልቢ፣ ገናና ጥምቀት የሚከታተሉበት ወቅት ነውና። የአውሮፕላን ዋጋ በበዓል ሰሞን እንደሚወደድ የታወቀ በመሆኑ ቀደም ብሎ መቁረጥ ግድ ይላል። ለዚህም ዕቁቡን ከወራት በፊት መጀመር ነው።

«መናፈሻ» የሚለው ቃላችን «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ነፋስ የሚቀበሉበት ቦታ ማለት ነው። ነፋስ ለመቀበል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከሳሎን መውጣት ብቻ ያስፈልጋል። በሚመጣው ዕረፍት ወረቀትና እስክሪብቶ ስናነሣ የመጀመሪያውን መስመር ለልጆቻችን እንተውላቸው። ቸር ይግጠመን።