ማዕቀፍ፦ የእኛን ኮድ የሚጠራ ኮድ

ማዕቀፍ፣ ስም፦ አንድ ዓይነት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩትን ሥራ አስቀድሞ ጨርሶ፣ ለፕሮግራመሩ የራሱን ጉዳይ ብቻ የሚተውለት የኮድ ስብስብ። በባለሙያዎች አፍ «ፍሬምወርክ» ይባላል። «የሰርቨር ወገን» የሚል ቅጽል ሲጨመርበት፣ ሥራው የሚከናወነው በተጠቃሚው ብሮውዘር ውስጥ ሳይሆን ከዳታቤዙ ጋር በሚነጋገረው ሰርቨር ላይ ነው ማለት ነው። ጃንጎ፣ ሬይልስና ላራቬል ከዚህ ወገን ናቸው።

ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ «የሕግ ማዕቀፍ»፣ «የፖሊሲ ማዕቀፍ» ሲባል ከዜና ሰምቶታል። ለፕሮግራመሩ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የቃሉ ዘመድ «ማቀፍ» ነው። ማዕቀፉ አቃፊ፣ የእኛ ኮድ ታቃፊ ነውና። «መዋቅር» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል ለዳታቤዙ ሠንጠረዦች አቀማመጥ ያስፈልገናል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ጀማሪውን ያደናግረዋል። በአንዲት ፊደል ከሚለየው ከ«ማዕቀብ» ጋርም አይምታታ።

ከላይብረሪ በምን ይለያል?

ሁለቱም ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ ናቸው። ልዩነቱ ማን ማንን ይጠራል በሚለው ላይ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ የሚቀይር ላይብረሪ ቢኖረን፣ መቼ እንደሚሠራ የምንወስነው እኛ ነን፤ ስንጠራው ይመጣል፣ መልሱን ሰጥቶ ይሄዳል። በማዕቀፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥያቄ የሚቀበለው፣ አድራሻ የሚለየውና የእኛን ፈንክሽን በሰዓቱ የሚጠራው ማዕቀፉ ነው። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው፤ ፈንክሽን ይጽፋል፣ ሲጠራ የሚያይበት መስመር ግን በራሱ ኮድ ውስጥ የለም። ሆኖም ይሠራል።

ከሥራ የተወለዱ

ታዋቂዎቹ ማዕቀፎች ከሥራ ጥድፊያ የወጡ ናቸው። ጃንጎን እ.ኤ.አ. በ2003 መጻፍ የጀመሩት ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ናቸው፤ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ በሚታተመው «ሎውረንስ ጆርናል ወርልድ» ጋዜጣ የድር ክፍል ይሠሩ ነበር። ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጃዝ ጊታሪስቱ ጃንጎ ሬይንሃርት ነው። የጋዜጣ ቤት ልጅ መሆኑ ዛሬም ይታወቅበታል። ሞዴሎቹን፣ ማለትም የመረጃውን ቅርጽ የሚገልጹትን የኮድ ክፍሎች፣ ሲያስመዘግቡለት የመሙያና የማረሚያ ገጾችን ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ «አድሚን» የሚባለው ይህ ክፍል፣ ጋዜጠኛው ፕሮግራመር ሳይጠብቅ ጽሑፉን እንዲያስገባ ያስችለዋል። ሬይልስም በ2004 ብቅ ያለው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን «ቤዝካምፕ» ለተባለ የሥራ ማስተባበሪያ ከጻፈው ኮድ ተለይቶ ወጥቶ ነው።

ስለዚህ በማዕቀፍ ውስጥ ያለው ኮድ ብቻ አይደለም፤ የሌሎች ሰዎች ውሳኔም አለ። አብዛኛው ውሳኔ ለእኛም ይበጃል። ጥቂቱ ግን ለእኛ ስምና ለእኛ ቀን አልተሰፋም።

አንድ የእድር መዝገብ

አሠራሩን በምሳሌ እንይ። የአንድ እድር ጸሐፊ አባላትንና ወርሃዊ መዋጮን የሚመዘግብበት መተግበሪያ ይሠራለት እንበል። በጃንጎ ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሞዴል ነው። «አባል» የሚባል ክፍል (ክላስ) እንጽፋለን፤ ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ቀን ይኖረዋል። የጃንጎ ቋንቋ ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል፣ ክፍሉን ራሱን «አባል» ብሎ መሰየም ይቻላል። ቀጥሎ «ክፍያ» ይመጣል፤ እያንዳንዱ ክፍያ የማን እንደሆነ የሚያመለክት ማያያዣ ይኖረዋል። አንድ አባል ብዙ ክፍያ፣ አንድ ክፍያ አንድ አባል። ይህ መረጃን በሠንጠረዥና በማያያዣ የማስቀመጥ ሐሳብ የመጣው የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ካሳተመው ጽሑፍ ነው።

ሞዴሉ ሲጻፍ ዳታቤዙ ገና አያውቀውም። በመካከል «ማይግሬሽን» የሚባለው ደረጃ አለ፤ እዚህ «የመዋቅር ለውጥ» እንበለው። ማዕቀፉ የሞዴሎቹን አዲስ ቅርጽ ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በፋይል ይጽፋል፤ ፋይሉ ሲተገበር ሠንጠረዡ ይፈጠራል ወይም ይቀየራል። ፋይሎቹ በተራ ስለሚቀመጡ፣ በሌላ ኮምፒውተር ያለ ባልደረባ ያንኑ መዋቅር ደረጃ በደረጃ ማግኘት ይችላል። ጃንጎ ይህን በውስጡ የያዘው እ.ኤ.አ. ከ2014 ስሪት 1.7 ጀምሮ ነው።

አሁን ጸሐፊው በስልኩ የአባላቱን ዝርዝር ከፈተ። ብሮውዘሩ ጥያቄ ላከ። ማዕቀፉ አድራሻውን ከዩአርኤል ዝርዝሩ ጋር አስተያይቶ፣ ለዚያ አድራሻ የተመደበውን ፈንክሽን ጠራ፤ በጃንጎ አነጋገር ይህ «ቪው» ነው። ቪው ሞዴሉን ጠየቀ፤ «ኦአርኤም» የሚባለው የማዕቀፉ ክፍል ጥያቄውን ወደ ዳታቤዙ ቋንቋ፣ ወደ ኤስኪውኤል፣ ቀየረው፤ ከዳታቤዙ የመጡት ረድፎችም የፓይተን ዕቃዎች ሆነው ተመለሱ። ቪው እነዚህን ለአብነቱ፣ ማለትም ለቴምፕሌቱ፣ አቀበለ። ለጸሐፊው የተላከው የተሞላ ኤችቲኤምኤል ነው።

ኦአርኤም ምቹ ቢሆንም የሚደብቀው ነገር አለ። 200 አባላትን ዘርዝረን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ክፍያዎቹን በየተራ ብንጠይቅ፣ አንዷ አጭር ዑደት 201 ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ልትመላለስ ትችላለች። ክፍያዎቹን አስቀድሞ አንድ ላይ የሚያመጣ ትእዛዝ ስላለ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ችግሩን የሚያየው ግን ከበስተጀርባ የሚጻፈውን ኤስኪውኤል የሚመለከት ብቻ ነው።

ሳንጠይቀው የሚሠራልን

የደኅንነት ሥራ ማዕቀፍ ውለታውን የሚያሳይበት ነው። አንድ ሰው በስም መሙያው ሳጥን የኤስኪውኤል ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ኦአርኤሙ ጽሑፉን ከትእዛዙ ለይቶ ስለሚልከው እንደ ተራ ስም ይቀመጣል። የጃቫስክሪፕት ቁራጭ ቢጽፍም አብነቱ ምልክቶቹን ስለሚለውጣቸው እንደ ጽሑፍ ይታያል እንጂ አይሠራም። የይለፍ ቃልም ወደ ቀድሞው በማይመለስ መልክ ተቀይሮ ይቀመጣል። ይህ ጥበቃ ግን በእቅፉ ውስጥ እስካለን ነው። ኤስኪውኤሉን በገዛ እጃችን፣ የተጠቃሚውን ጽሑፍ እየቀጠልን ከጻፍነው ማዕቀፉ አያድነንም።

ለእኛ ያልተሰፋው

ጃንጎ ይዞት የሚመጣው የተጠቃሚ ሞዴል ለስም ሁለት ሳጥን አለው፦ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም። አበበ ከበደ ተሰማ የቱ ጋ ይግባ? ከበደ አባቱ፣ ተሰማ አያቱ ናቸው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደሉም። ዝርዝሩን በቤተሰብ ስም ብንደረድረው አባላቱ በአባቶቻቸው ስም ይሰለፋሉ፤ ጸሐፊውም ሰው ፈልጎ ያጣል። የራስን የተጠቃሚ ሞዴል መጻፍ ይቻላል፤ የጃንጎ ሰነዶችም በፕሮጀክቱ መጀመሪያ እንዲደረግ ይመክራሉ፤ ውሂብ ከገባ በኋላ መቀየር አድካሚ ነውና።

ቀን ይበልጥ ያታልላል። የቀን ዓምዱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ነው። ፎርሙ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ጸሐፊው በለመደው ቁጥር ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ቢሞላ አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና። የካቲት 30ን 30/6 ብሎ ቢሞላ ግን ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። የከፋው ይህኛው ነው፤ ስሕተቱ ድምፅ አያሰማም። የሚያዋጣው መንገድ በዳታቤዙ የጎርጎርዮስን ማስቀመጥ፣ ሰው በሚያነብበትና በሚሞላበት በኩል ብቻ ወደ ኢትዮጵያ መለወጥ ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ የምሽቱ 1 ሰዓት ለማሽኑ 19 ነው።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ ግዕዝን ካካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ መጻፉ ችግር አይደለም፤ ፍለጋው ግን ነው። ለእኛ ኃይሉ እና ሃይሉ አንድ ስም ናቸው፤ ለዳታቤዙ የተለያዩ ናቸው። ስሙ እንደተጻፈ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ያመጣ ሁለተኛ ዓምድ ለፍለጋ ማዘጋጀት ይበጃል።

ተማሪው ከየት ይጀምር?

ማዕቀፉን ከመክፈት በፊት ሁለት ሠንጠረዦችን በኤስኪውኤል በእጅ መፍጠርና ማያያዝ፣ አንድ ፎርም ወደ ሰርቨር የሚልከውን ጥያቄም በብሮውዘሩ የገንቢዎች መስኮት መመልከት ጥሩ ነው። ማዕቀፉ ምን እንደሠራለት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ፣ የመጀመሪያው የመዋቅር ለውጥ ከመተግበሩ በፊት፣ አራት ነገር በወረቀት ይወሰን። ስም በስንት ሳጥን ይያዛል? ቀን በየትኛው አቆጣጠር ይቀመጣል? ገንዘብ በምን ዓይነት ዓምድ ይያዛል? ተንሳፋፊ ቁጥር ሳንቲም ስለሚያዛባ ለብር የዴሲማል ዓምድ ይመረጣል። አባል ሲሰረዝስ ክፍያዎቹ ምን ይሁኑ? ይህን የመጨረሻውን ጃንጎ ከስሪት 2.0 ጀምሮ መልስ ሳያገኝ አያልፍም። አብረው ይሰረዙ ካልነው፣ አንድ አባል ከእድሩ በወጣ ቀን የከፈለው ሁሉ ከሒሳቡ ይጠፋል፤ ስለዚህ ክፍያ ያለው አባል እንዳይሰረዝ መከልከል ይሻላል፤ መልቀቁን የሚያሳይ ዓምድ ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ማዕቀፉ ሊጠይቀን ይችላል፤ ሊወስንልን ግን አይችልም፤ እድሩን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።