መሐላው ለማን ነበር?



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። ቀኝ እጁን አንሥቶ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ነው። ወረዳ ላይ ተሹሟል። ከሥሩ «መምህር፣ ይመርቁኝ» ብሎ ጽፏል። መረቅሁት። ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ፣ እንደ ልማዴ በታሪክ ልመልስለት።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ታመው ሳሉ፣ የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ማድረጋቸውን በአዋጅ አስነገሩ። መኳንንቱም ለኢያሱ ሊታመኑ ማሉ። ቃሉን ያፈረሰ ርጉም ይሁን ተባለ። በዚያ ዘመን መሐላና እርግማን ቀልድ አይደለም፤ ነፍስ የሚያዝበት ነገር ነው።

ሰባት ዓመት አለፈ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ሐረር ሳለ መኳንንቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። «ሃይማኖቱን ለውጧል» ብለው ከሰሱት። የክሱ እውነትነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዋናው ችግር ግን ያ የድሮው መሐላ ነበር። አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ አመነቱ፤ በመጨረሻ ከመሐላው ፈቷቸው። ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው መጥተው ሰገሌ ላይ ውጊያ ሆነ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ክፍል ውስጥ ምን ብዬ እጠይቃችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? «መኳንንቱ ከሐዲዎች ናቸው ወይስ አገር አዳኞች?» ለሁለት ተከፍላችሁ ስትጯጯሁ ደወል ይደወላል። ዛሬ ሳስበው ጥያቄዬ ራሱ ልክ አልነበረም። መጠየቅ የነበረብኝ «መሐላው ለማን ነበር?» ብዬ ነው።

መሐላው ለአንድ ሰው ነበር። ያ ሰው አጠፋ ሲባል «ይህን ሥራ ብለህ ምለህ ይህን አጓደልህ» ብሎ የሚጠይቀው ሸንጎ የለም። ያለው ምርጫ ወይ ዝም ማለት፣ ወይ መሐላ አስፈትቶ ማውረድ ነው። ባላገሩንማ ሲማልም ሲፈታም የጠየቀው የለም። የተጠራው ሰገሌ ላይ እንዲሞት ነው።

ባላገሩ የራሱ ቃል ግን ነበረችው፤ «በሕግ አምላክ!» የተበደለ ሰው ይህን ካለ፣ ሌላው ባለበት ቆሞ ወደ ዳኛ መሄድ ነበረበት። ጉልበት የሌለው ሰው ጉልበተኛውን በአንዲት ቃል ያቆም ነበር ማለት ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ታማኝነቱ ለሕገ መንግሥቱና ለሕዝቡ ነው። አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። በወረቀቱ መሠረት መሐላውን ተቀባዩም ጠያቂውም እኛ ነን። ታዲያ እንጠይቃለን ወይ?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልናገር። በወጣትነቴ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርኩ። እኔም እጄን አንሥቼ ምያለሁ። አንዲት እናት የአጥር ክርክር ይዘው መጡ። ተከራካሪያቸው የባለሥልጣን ዘመድ ነበር። «ጉዳዩን ቀስ በለው» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ጉቦ አልበላሁም፤ የሐሰት ፍርድም አልፈረድኩም። ቀጠሮ ብቻ ሰጠሁ። ደግሞ ቀጠሮ። ደግሞ ቀጠሮ። በመጨረሻው ቀን እኚያ እናት በሩ ላይ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «በሕግ አምላክ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ስለ መሐላዬ የጠየቀኝ ሰውም እስከ ዛሬ የለም።

መሐላ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ ያለ ጩኸት፣ በቀጠሮ።

እና ልጄ፣ የማልህበትን ጽሑፍ ቢሮህ ውስጥ ባለጉዳይ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ለጥፈው። «በሕግ አምላክ» የሚልህ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቀና ብለህ እየው፤ እንደ መምህርህ አታቀርቅር።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ የወረዳችሁ ሹም ምን ብሎ እንደማለ ታውቃላችሁ? ጠይቃችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ቸር ይግጠመን።