ከስፌቱ በኋላ

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር ገባ። እንፍራንዝ የምትባለውን ከተማም አይቶ ከጎንደር ብታንስም አቀማመጧ ይበልጥ ያማረ ነው ብሏል። ከከተማዋ በላይ ያለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ያኔም አሮጌ ነበር። ለንጉሥ ሐኪሙ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። የዛሬው የእንፍራንዝ በሽተኛ ግን ራሱ ይሄዳል፦ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር፣ ሲከፋም አዲስ አበባ። ሄዶ መታከሙ አንድ ነገር ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማግስቱ ነው፤ በተለይ የአንጎል ደም ሥር ከተሰፋ በኋላ ያለው።

የአንጎል ደም ወሳጅ ሥር ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ አኑሪዝም ይባላል። ቀዶ ሐኪሙ ዋልተር ዳንዲ በ1937 የፊኛውን አንገት በብረት ቆንጥጦ ዘጋው። አንገት የሌለውን ግዙፉን ግን መቆንጠጥ አይቻልም። ያሳርጊል በ1967 ዙሪክ ላይ ከጆሮ ፊት የሚያልፈውን የራስ ቆዳ ደም ሥር በማይክሮስኮፕ እያየ ከአንጎል ደም ሥር ጋር ሰፋ። ባይፓስ የሚባለው ይህ አዲስ የደም መንገድ በመጀመሪያ የታሰበው ስትሮክን ለመከላከል ነበር። በ1985 የወጣው የ1377 ሕመምተኞች ጥናት ግን ከመድኃኒት እንደማይሻል አሳየ፤ ቀዶ ሕክምናውም ተመናመነ። ግዙፍ አኑሪዝም ከነሥሩ ሲዘጋ አንጎሉ ደም በሌላ መንገድ ማግኘት አለበትና፣ ለባይፓስ ከቀሩለት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ጣጣው እዚህ ይጀምራል። በሚሰፋበት ጊዜ ደም ሥሩ ለደቂቃዎች ይታሰራል፤ ከረዘመ ያ የአንጎል ክፍል በደም እጦት ይጎዳል። አዲሱ መንገድ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። የተዘጋው አኑሪዝም ውስጥ የሚረጋው ደም ሲስፋፋ፣ አጠገቡ ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ይዞ ይዘጋል፤ ከዚያ ሽባነት። ደም በድንገት ሲበዛ ደግሞ የሚጥል ሕመም ወይም መድማት ይመጣል። የደም ግፊቱ ዝቅ ካለ ስፌቱ ይዘጋል፣ ከፍ ካለ ይደማል። አስፒሪንም እንዲሁ በሁለት በኩል ይቆርጣል። በእኛ አገር ራስ ሲያም ሻሽ ጠበቅ አድርጎ ማሰር የተለመደ ነው፤ ከጆሮ ፊት የሚያልፈውን ያን ሥር የሚጫን ማሰሪያ ግን ደሙን ሊያቆመው ይችላል። ለቤተሰቡ ይህን የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሥልጠና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ቁጥር አብዝቷል። ይሁንና ለባይፓስ ቀጭን ስፌት የሚችል እጅ ብቻ አይበቃም። ሌሊት ግፊት የሚለካ ነርስ፣ ወዲያው የሚነሳ ሲቲ ስካን፣ ሥሩ ሲዘጋ ተመልሶ የሚከፍት ቡድን ይሻል። ከቀዶ ሕክምናው ቤቱ ተመልሶ ንግግሩ የተንተባተበበት ሰው እንፍራንዝ ላይ መኪና እየጠበቀ የሚያሳልፈው ሰዓት ከአንጎሉ ይቀነሳል።