መዋጮና ግብር በወልቂጤና በቡታጅራ

ስለ ግብር የሚነሣ ክርክር ሁሉ በዐመፅ የሚገለጽ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሣ፥ መንግሥት ጠቅላይ ገዢውን ከጎጃም እስከ ማንሣት ደርሷል። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበሩት በጨቦና ጉራጌ እንዲሁም በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃዎች ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ።

በዚህ አገር ባለመሬቱ ከመሬት ግብር ሌላ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት፥ ኋላም የጤና ግብር ይከፍል ነበር። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷ ወደ ውስጥ ላለው እንሰት ተካይ ግን ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ፥ በተለይም አዲስ አበባ የሚነግደው ተወላጅ፥ በ1950ዎቹ ገንዘብ ያዋጣ ጀመር። አንዱ ማኅበር ከወልቂጤ ወደ እምድብር፥ ሌላው ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማውጣት ተነሣ።

እኛ ይህን ልማት ብቻ ብለን አናልፈውም፤ መዋጮው ሕግ ያላወጣው ሁለተኛ ግብር ነበርና። ልዩነቱ ከፋዩ ገንዘቡ የዋለበትን በእግሩ ረግጦ ማየት መቻሉ ነው። ይህም ለመንግሥት የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ ያውም ጨዋ ጥያቄ።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ለአውራጃዎች የተመረጠ ምክር ቤትና የራስ ገቢ አስቦ ነበር። ፓርላማው ግን የገንዘቡን ሕግ አላጸደቀውም፤ ሕዝቡም ግብሩን ለመንግሥት፥ መዋጮውን ለማኅበሩ መክፈሉን ቀጠለ።